«ቁም፣ ሀፍረትህን ልቆልፍልህ!»

ሱሪው የሚተረተር ሰው ባለበት አገር ሁሉ፣ ትርትሩን ከባለቤቱ ቀድማ የምታይ አንዲት ሴት አትጠፋም። እናንተም ሰፈር አለች። ለቅሶ ቤት ስትገቡ ከእግር እስከ ራስ የምትገመግማችሁ፣ ሠርግ ላይ ከኋላ መጥታ ኮሌታችሁን የምትጎትት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሳታውቃችሁ «ወንድሜ፣ ዚፕህ!» የምትል ናት። ሌላው ሰው ቀዳዳችሁን ሲያይ በይሉኝታ ዝም ይልና ማታ ቤቱ ገብቶ ያማችኋል። እሷ አታማችሁም። በቁማችሁ አዋርዳችሁ፣ ጠግናችሁ ትሄዳለች።

የእኛዋ ክብርት እትዬ የትምወርቅ ይባሉ ነበር። የመንዝና የግሼ የበላይ ጠባቂ፣ የክፍት ዚፖች ባላንጣ፣ የወለቁ ቁልፎች እናት፣ በመርፌ ቁልፍ ጉዳይ ባለሙሉ ሥልጣን። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ራሳቸውን የሚያውቁት የበግ ጠጉር ፈትለው በሚያድሩ ሴትነታቸው ብቻ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ግን ከቀየት ገበያ ዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሴት ነበሩ። ስለ እሳቸው መጻፍ ስጀምር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል፤ ይኸው አሁንም ግሏል።

የመርፌ ቁልፋቸው ሀብት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው በነጠላቸው ጫፍ ላይ በዘለላ የተንጠለጠለው ነው። ከዚያ ለሁሉም ይሰጣሉ፤ ለጎረቤትም፣ ለመንገደኛም፣ ለተጣሉት ሰውም። ሁለተኛው ደረታቸው ላይ ያለው ነው። ከአንገታቸው ሥር ጀምሮ እስከ መቀነታቸው ድረስ፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ፣ በተርታ ተሰክቶ እንደ ድሮ ጄኔራል ኒሻን ያብለጨልጫል። ከዚህኛው ለማንም ሰጥተው አያውቁም። «የዘለላው አልቋል» ካሉ አልቋል። አንድ ቀን ደረታቸውን እያየሁ «ከዚያስ አንዱን ቢሰጡኝ?» ብላቸው በዓይናቸው ገላመጡኝ። ኒሻን አይበደርም ማለት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። መንደሩም ሁሉ እንዲሁ «የየትምወርቅ ጌጥ» እያለ ይስቅ ነበር።

እኔ ከእሳቸው ጋር የተዋወቅሁት ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። ከቀየት ወጣ ብላ ባለች መንደር አዲስ መምህር ሆኜ ተመድቤ፣ በመጀመሪያው ሰኞ ተማሪ አሰልፌ ሰንደቅ ዓላማ አሰቅላለሁ። ሱሪዬ አዲስ ነው። ነፋሱ የመንዝ ነፋስ ነው። መዝሙሩ እንደ ተጀመረ ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ላይ፣ «አንተ መምህር! ቁም! ከኋላ ተገልጠሃል!» የሚል ድምፅ መጣ። መዝሙር ሲዘመር መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ ልጆቹን ያስተማርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። ስለዚህ ቆምኩ። እሳቸው የተሸከሙትን ጠጉር አጥሩ ሥር አስቀመጡና ሾልከው ገቡ፤ የሱሪዬ ስፌት ተተርትሮ ኖሮ፣ ከኋላዬ ተንበረከኩ። «ቁም፣ ሀፍረትህን ልቆልፍልህ።» ባንዲራው ወደ ላይ ሲወጣ እሳቸው ከታች ወደ ላይ እየያዙ መጡ። መዝሙሩና እሳቸው እኩል ጨረሱ። ወገቤን መታ መታ አድርገው፣ «እሰይ! አሁን ታምራለህ። አስተምር» ብለው ሄዱ።

ያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞር ላለማለት ስል ምዕራፉን በሙሉ በጎን ጻፍኩት። ከተማሪዎቼ ጋር ተያይተን ሳንስቅ መማማር የጀመርነው ፋሲካ አልፎ ነው።

በሌላ ቀን ከበላይ የተላከ አንድ ሰው ስለ ግልጽነትና ተጠያቂነት ሊያስረዳን መጣ። ያ ዘመን የስብሰባ ዘመን ነበር፤ በሬው እንኳ ሳይገመገም አይጠመድም እንል ነበር። ሰውየው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆሞ ስለ ግልጽነት ረጅም ንግግር ካደረገ በኋላ አስተያየት ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ። እትዬ የትምወርቅ እጃቸውን አወጡ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ወዳጆ አላየሁም ብሎ ሊያልፋቸው ዳድቶ ነበር፤ ነገር ግን ሴት መናገሯ ለሪፖርት ያስፈልጋል፤ ፈቀደላቸው። «የኔ ልጅ፣ የግልጽነቱ ነገር በሚገባ ገብቶናል» አሉ። «ስትገባ ጀምሮ እያየነው ነው። አሁን ዚፕህን ዝጋው። እምቢ ካለ ና፣ ሀፍረትህን ልቆልፍልህ።» እንግዳው ወደ ታች አየ። ስለ ተጠያቂነት ሳንሰማ ስብሰባው ተበተነ።

ለቅሶ ቤትም አይምሩም። አንዲት ሐዘንተኛ ደረቷን እየመታች ቀሚሷን ስትቀድ፣ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው እያለቀሱ የቀደደችውን ተከትለው ይቆልፉላታል። «አልቅሺ፣ የኔ እናት፣ አልቅሺ። ቀሚሱን ግን ተይው፤ ለአርባው ትለብሽዋለሽ።» ሐዘንተኛዋ መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ ሳቋ መጣ፣ በሳቋ አፍራ እንደ ገና አለቀሰች። ሙሽራም ከእጃቸው አልዳነችም። የሙሽሪት ቬሎ በአጃቢ ፊት ከኋላ ተከፍቶ «ምነው ሸዋ! ይህችን ልጅ ማን ነው እንዲህ ለንፋስ የሰጣት?» ብለው የጮሁ ጊዜ የሙሽራው አባት ሠርጉ እስኪያልቅ ቀና አላሉም።

«እትዬ፣ በቀስታ ቢነግሩንስ ምናለ?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«በቀስታ?» አሉኝ፤ ሰው እንዲሰርቅ የመከርኳቸው ይመስል። «ቀዳዳና ሀፍረት ሲደብቁት ይሰፋል። ዛሬ በእኔ ብታፍር ነገ በዓለም አታፍርም።»

መርፌ ቁልፍ ልብስ መያዣ ብቻ የሚመስለው ሰው የከተማ ሰው ነው። በእትዬ የትምወርቅ እጅ የተበጠሰ የፕላስቲክ ጫማ አያይዟል፤ ከአህያ ሰኮና እሾህ ነቅሏል፤ የሕፃናት ጆሮ በስቷል፤ የኩራዝ ክር ስቦ አውጥቷል፤ የቦላሌ ማሰሪያ ከገባበት ጎሬ ፈልጎ አምጥቷል፤ የመሪጌታን መነጽር ከጆሯቸው አስታርቋል። ምርጫ ሲደርስ የዕጩውን ምልክት ደረት ላይ ይሰካሉ፤ ምርጫው ሲያልቅ ወረቀቱን ጥለው መርፌ ቁልፉን ይሰበስባሉ። «ሰውየው ያልፋል» ይላሉ። «መርፌ ቁልፉ ግን ያገለግላል።»

እኔም ተምሬያለሁ ብዬ፣ አንድ ቀን በአሮጌ መጽሔት ያነበብኩትን ታሪኩን ላስረዳቸው ሞከርኩ። የዛሬውን መርፌ ቁልፍ አንድ አሜሪካዊ ከመቶ ሀምሳ ዓመት በፊት ሽቦ በጣቱ ሲያጠማዝዝ እንዳገኘው፣ ከእሱ በፊትም የጥንት ሮማውያን ካባቸውን በሚመስለው ነገር ይይዙ እንደነበር ነገርኳቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«ሔዋንስ?» አሉኝ።

«ሔዋን ምን?»

«የበለስ ቅጠል ሰፉ ይላል መጽሐፉ። ክሩን ከየት አመጡት? መርፌውን ማን ሸጠላቸው? በእሾህ ነው የያዙት እንጂ! ሰው ባፈረበት ቀን ነው መርፌ ቁልፍ የተጀመረው።»

«እትዬ፣ እሾህ የበቀለው እኮ ከዚያ በኋላ፣ ምድር ስትረገም ነው።»

«አንተ ነበርክ?»

አልነበርኩም። እሳቸውም ድላቸውን አጣጥመው ወደ አገራችን ታሪክ ገቡ። «እናቴ ቀሚሷን በአጋም እሾህ ነበር የምትቆልፈው። እሾህ ክፉ ነው፤ ምላሱ ዘወትር ውጭ ነው፤ ለባለቤቱም አይመለስም። ይኸኛውን እየው» አሉና አንዱን ከነጠላቸው ፈትተው ከፈቱልኝ፣ መልሰው ዘጉት። «ወግቶ ሲያበቃ ምላሱን አፉ ውስጥ ይከታል። ጨዋ ነው።» ምላስን አፍ ውስጥ ስለ መክተት ከእሳቸው መማሬ ገረመኝ።

እንግዲህ ወደ አማቴ ሱሪ ልምጣ። ላልፈው ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን ያለ እሱ የእትዬ የትምወርቅ ነገር አይገባችሁም።

እዚያው መንደር ያገባኋት ባለቤቴ ማዕረግ ትባላለች፤ አባቷ ቄስ ይሥሐቅ የደብራችን አገልጋይ ነበሩ። ሰው ሲያመሰግናቸው እንኳ አፍረው አንገታቸውን የሚደፉ፣ «ውኃ ስጡኝ» ለማለት ሰው እስኪያያቸው የሚጠብቁ ጨዋ። ዕድሜ ልካቸውን በማሰሪያ የሚጠብቅ የሸማኔ ሱሪ ነበር የሚለብሱት። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ወርጄ ስመለስ፣ አማች መባሌን ላሳምር ብዬ፣ ወገቡ በመንጠቆ የሚያያዝ ጥቁር ዘመናዊ ሱሪ ገዛሁላቸው። ልክ ሆነ። መረቁኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። የለካኋቸው ጾመ ነቢያት ሳይገባ ነው። ቄስ ይሥሐቅ ደግሞ ጾም ሲይዙ እንደ እኔ ሽሮ እየቆጠሩ አይደለም። ገና ሲደርስ ወገባቸው ሱሪው ውስጥ ጠፍቶ ነበር።

ይህን ማን አየ? አትጠይቁኝ። የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ የትምወርቅ መንገድ ዘጉብን። «አባቴ፣ መስቀልዎን ያሳልሙኝ። ይህ ሱሪ ግን ወገብዎ ላይ አላደረም። ትንሽ ልያዝልዎ።»

ቄስ ይሥሐቅ ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔን ላለማሳፈር ብለው፣ «ልጄ የገዛልኝ ነው፤ ምንም አይጎድለው» አሉ።

እኔም አፈርኩና፣ «ዘመናዊ ሱሪ በመርፌ ቁልፍ አይያዝም፣ እትዬ» አልኩ።

«አበስኩ ገበርኩ!» አሉ። «ሱሪ ሱሪ ነው፤ ይወርዳል።»

እንዲህ ሆነን ከተራ ደረሰ። እኔ ቄሱ እንዳይቀየሙኝ ስለ ሱሪው አልጠይቅም፤ እሳቸው እኔ እንዳልቀየም ሱሪውን አያወልቁም። በእኛ አገር የሁለት ጨዋ ሰዎች መገናኘት አንድ ሱሪ ለመጣል በቂ ነው።

የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ወደ ወንዝ ሲወርድ በራሳቸው ተሸክመው የሚያከብሩት ተራ ሆኖ ቄስ ይሥሐቅ ነበሩ። ታቦት ያከበረ ካህን ሁለት እጁ ወደ ላይ ነው፤ አይናገርም፤ ወደ ኋላ አይዞርም። ከጎናቸው ዲያቆን ትዕዛዙ ጥላ ይዟል። ፊት ፊት ከበሮ፣ ከኋላ ሕዝቡ፣ ዕልልታውን ተራራው ይመልሳል። ሁሉም ያለውን አዲስ ልብስ ለብሷል፤ በዚህም ምክንያት እትዬ የትምወርቅ ከጧት ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው፤ ዘለላቸውን አራቁተዋል። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ እንደ ደረስን ቄስ ይሥሐቅ ቆሙ።

ከበሮው ጥቂት አለፈና እሱም ቆመ። ዕልልታው ተቋረጠ። ትዕዛዙ ጥላውን ይዞ ጠበቀ፤ ቄሱ ንቅንቅ የለም። ከፊት ያሉት ወደ ኋላ አዩ፤ ከኋላ ያሉት ወደ ፊት ተንጠራሩ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ «ታቦቱ አልሄድም አለ!» አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላገሬው አይነገርም። ታቦት መንገድ ላይ ከቆመ የተጣላ አለ፤ የበደለ አለ፤ የተደበቀ ነገር አለ። ሕዝቡ ባለበት ወደቀ። «እግዚኦ መሐረነ!» ሜዳውን ሞላው። ሽማግሌዎች እየዞሩ፣ «ያስቀየማችሁ ተናገሩ! ያኮረፋችሁ ታረቁ!» ይላሉ። በወሰን ተኳርፈው ዓመታት የቆዩ ሁለት ወንድማማቾች ተነሥተው አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። ታቦቱ አልሄደም። አንዲት ሴት የጎረቤቷን ዶሮ ስለ መብላቷ ተናገረች። አልሄደም።

ከዚያ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ወዳጆ ከሰው መካከል ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። መቼም የጋራ ሣራችን የጓሳ ነገር በእኛ ዘንድ እንዴት ጥብቅ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ሁሉም አብሮ ያጭዳል፣ በዝግ ጊዜ ማጭድ ያነሣ ሰው በአደባባይ ይዋረዳል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አንድ ምስኪን ሽማግሌ አንድ ሸክም ሣር ይዘው ተገኝተው፣ አቶ ወዳጆ ራሱ ስብሰባ ላይ አቁሞ አዋርዷቸዋል።

«እኔ ነኝ!» አለ አቶ ወዳጆ፣ ደረቱን እየመታ። «የአዲሱ ቤቴ ክዳን የጓሳ ሣር ነው! በዝግ ጊዜ፣ በጨለማ ያሳጨድኩት እኔ ነኝ! ይቅር በሉኝ!»

ይህ ሰው ስንት ግምገማ ያለፈ ሰው ነው። ደካማ ጎንህን ተናገር ሲባል ሁልጊዜ «ሥራ አበዛለሁ» ነበር የሚለው። ሕዝቡ በድንጋጤ እህህ አለ። ታቦቱ ግን አሁንም ቆሟል።

እኔም ተንበርክኬ ኃጢአቴን እየቆጠርኩ ነበር። ትምህርት ቤት ከሚገኘው ጠመኔ ለቤቴ የወሰድኩትን ልናገር ወይስ ልተወው እያልኩ ቀና ስል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያልተንበረከኩት እትዬ የትምወርቅ ብቻ እንደሆኑ አየሁ። የሚያዩት ታቦቱን አልነበረም። ከቄሱ ልብሰ ተክህኖ በታች ነበር። ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ። የጥቁር ሱሪ ጫፍ የቄስ ይሥሐቅን እግር ሸፍኖ መሬት ላይ ተኝቷል።

እኔ የገዛሁት ሱሪ ነው። መንጠቆው ሄዷል። ሰውየው ጉልበታቸውን ገጥመው የቀረውን በጉልበታቸው ይዘውታል፤ ላባቸው ከግንባራቸው ይንጠፈጠፋል። አንድ እርምጃ ቢራመዱ ይጠልፋቸዋል። ቢጠልፋቸው ይወድቃሉ። እሳቸው ቢወድቁ አብሮ የሚወድቀው በራሳቸው ላይ ያለው ታቦት ነው። እጅ የለ፣ መናገር የለ፣ ወደ ኋላ መዞር የለ። እኔን ላለማሳፈር ሲሉ የለበሱት ሱሪ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሊጥላቸው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሁን ይጮሃሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አገር የሚያውቀው ድምፅ ሊመጣ ነው፤ «አባቴ! ተገልጠዋል!» ሊባል ነው። ቄስ ይሥሐቅ ከዚህ በኋላ እንዴት ቀና ብለው ይቀድሳሉ? ማዕረግስ ምን ትለኛለች?

ድምፅ አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ እትዬ የትምወርቅ አጠገቤ ተንበርክከዋል።

«መምህር» አሉኝ። ሹክሹክታቸውን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። «አየኸው?»

«አየሁ።»

«ዝም በል። ለማንም እንዳትተነፍስ። ለትዕዛዙ ታቀብለዋለህ፤ በካባው ሥር ከኋላ ገብቶ ይያዝላቸው። እኔ ሴት ነኝ፤ አልጠጋም።»

እጃቸው ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሄደ። ባዶ ነው። ከጧት ጀምሮ ለመንደሩ አድለው ጨርሰዋል። ወደ ደረታቸው ሄደ፤ እዚያ ቆመ። ለአንድ አፍታ ያመነቱ መሰለኝ። ቀጥለው ከመካከል ያለውን ትልቁን ፈቱት።

ቀሚሳቸው ተከፈተ። ያ ሁሉ ዓመት ኒሻን ነው፣ ጌጥ ነው ስንል የነበረው ተርታ ስፌታቸው ነበር። የአቡጀዲ ቀሚሳቸው ከአንገት እስከ መቀነት ነትቦ ተቀዷል፤ ክር የሚይዝ ጨርቅ አልቀረበትም፤ ከእነዚያ መርፌ ቁልፎች በቀር የያዘው ነገር የለም። ነጠላቸውን ጎትተው በጡጫቸው ደረታቸው ላይ ጨበጡት። ማየቴን አዩ። እነዚያ ስንቱን ያዋረዱ ዓይኖች ከእኔ ሸሽተው መሬት ላይ ወደቁ።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ። «ሂድ!»

ቆሜ ብሄድ ሰው ይጠይቃል። በጉልበቴ እየተሳብኩ፣ በየመሀሉ እየሰገድኩ ወደ ፊት ሄድኩ። «ኧረ መምህሩ! ምን ሠርቶ ይሆን?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ምን እንደሠራሁ እዚያ አገር እስከ ዛሬ ይጠያየቃሉ ይባላል። ትዕዛዙ ዘንድ ስደርስ መርፌ ቁልፉን በመዳፉ አስያዝኩትና በጆሮው ነገርኩት። አስተዋይ ሰው ነው፤ ጥላውን ለእኔ ሰጥቶ የሚሳለም መስሎ በካባው ሥር ገባ። ቄስ ይሥሐቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ትዕዛዙ ሲወጣ ቀና ብሎ ጥላውን ተቀበለኝ።

ቄስ ይሥሐቅ አንድ እግራቸውን አነሡ። ሁለተኛውን አስከተሉ።

የዕልልታውን ነገር አልነግራችሁም። አቶ ወዳጆ መሬት ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል፤ የእኚያን ያዋረዳቸውን ሽማግሌ እግር ይዞ አልለቅም አለ። በሳምንቱ ክዳኑን አውርዶ ሣሩን ለደብሩ ዕቃ ቤት ሰጠ፤ ቅጣቱንም እንደ ማንም ሰው ከፈለ። ወንድማማቾቹም ወሰኑን አብረው አረሱት። ይህ ሁሉ የሱሪ መንጠቆ ሥራ ነው ወይስ የሌላ፣ እኔ አልፈርድም። ታቦት በፈለገው ያቆማል።

እትዬ የትምወርቅ ግን እስከ ወንዙ ድረስ ጡጫቸውን ከደረታቸው ሳያነሡ ተጓዙ። «እዩዋቸው፣ የትምወርቅ እንዴት ልባቸው እንደተነካ!» ተባባሉ ሴቶቹ። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት ሰው ለስድብ እንዴት እንደሚጠቀምበት አስብ ነበር። እኔም ለስድብ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ፤ አንዳንዴም ለእሳቸው።

ይናገራሉ ብዬ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ወር ጠበቅሁ። ገበያ ላይ ሰዎች በፊታቸው የታቦቱን መቆም ሲያወሩ፣ እትዬ «እሰይ! ታቦት እውነት ይወዳል!» ይሉና በጎን ወደ ወገቤ ያያሉ። ለሌላው ሁሉ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ስለዚያ ቀን ግን ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ቄስ ይሥሐቅም በጥምቀት ማግስት ሱሪውን አጥበው፣ አጣጥፈው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፤ ትንሽ ሰፋኝ» ብለው መለሱልኝ። መርፌ ቁልፉ ግን አብሮ አልመጣም። ከየት እንደ መጣ ሳያውቁ በዳዊታቸው ማኅደር ላይ ሰክተውት አየሁ። የማን እንደሆነ ልንገራቸው ብል የሰው ገበና ማውጣት ሆነብኝ።

ይልቅ ከሱቅ በወረቀት ላይ የተሰካ አዲስ መርፌ ቁልፍ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። «ተባረክ! ውለድ፣ ክበድ!» ብለው ተቀበሉኝ። አሁን ደረታቸው ሞላ ብዬ ተጽናናሁ። በቅዳሜው ገበያ ግን የእኔን መርፌ ቁልፎች በየሄድኩበት አገኘኋቸው። አንዱ የሕፃን ማዘያ ይዟል፤ አንዱ የፈረስ ግላስ ይዟል፤ አንዱ፣ አታምኑኝም፣ መርፌ ቁልፍ የሸጠልኝን ነጋዴ ኮት ይዟል።

እትዬ የትምወርቅ ከሰው መካከል ብቅ አሉ፤ አንዱን ጎረምሳ በኮሌታው ይዘው፣ «ቁም! ተገልጠሃል!» እያሉ ነው። ነጠላቸው ጥቂት ከትከሻቸው ተንሸራቷል። ደረታቸውን አየሁ። ተርታው እንዳለ አለ። መካከል ላይ፣ ትልቁ በነበረበት ቦታ፣ የአጋም እሾህ ሰክተዋል።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እንደዚያ ቀንም ሰው ወድጄ አላውቅም፤ ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚመጡ አትጠይቁኝ። ኮቴ ውስጥ፣ ከገበሩ ሥር፣ በመጀመሪያው ሰኞ በተማሪዎቼ ፊት ሱሪዬን ከያዙባቸው መርፌ ቁልፎች አንዱ ነበረኝ። መልሼላቸው አላውቅም፤ ጥዬውም አላውቅም። ፈታሁትና ጎረምሳው እስኪሄድ ጠብቄ ተጠጋኋቸው።

«ይቁሙ፣ እትዬ» አልኩ፣ መዳፌን ከፍቼ። «ሀፍረትዎን ይቆልፉበት።»

መርፌ ቁልፉን አዩ። እሾሁን አዩ። ነጠላቸውን ጎትተው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ገበያውን ቃኙና እጅጌዬን ያዙኝ።

«ቀስ በል አንተ!» አሉኝ። «ሰው ይሰማል።»